ቁጥሩን አታሳድዱ

ሰሞኑን አንድ የድሮ ተማሪዬ በኢንቦክስ እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦ «ቲቸር፣ ለልጄ የገዛሁላት ዓሣዎች እያለቁ ነው። የውሃው ፒኤች 8 ነው። ሻጩ 7 ካልሆነ አይኖሩም ብሎ ማውረጃ ሸጠልኝ። ስጨምርበት ይወርዳል፣ በነጋታው ተመልሶ 8። እሷ ደግሞ ምግብ አብዝቼ ነው የገደልኳቸው እያለች ታለቅሳለች።»

ለሌሎቻችሁም ስለሚጠቅም እዚህ ልመልሰው።

በፈር የተማርንበትን ቀን አስታውሱ። ውሃው ውስጥ ባይካርቦኔት አለ። አሲድ ስትጨምርበት አሲዱን ይውጠውና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ ፒኤቹ ይወርዳል። ጋዙ ወደ አየር ሲወጣ ፒኤቹ መልሶ ይወጣል። አንተ ግን በጨመርክ ቁጥር ባይካርቦኔቱ እየተመናመነ ነው። ያለቀ ቀን ፒኤቹን የሚይዘው ነገር የለም፤ በአንድ ሌሊት ቁልቁል ይወርዳል። ከ8 ወደ 7 ማለት ደግሞ አሲድነቱ 10 እጥፍ ጨመረ ማለት ነው። ዓሣ 7 የሚባል ቁጥር አያውቅም፤ የሚያውቀው ትናንት የነበረበትን ውሃ ነው።

መለኪያው ላይ ጂኤች እና ኬኤች የሚሉ ሁለት ነገሮች አሉ። ጂኤች ካልሲየምና ማግኒዥየም ነው፤ ሳሙና አረፋ እምቢ የሚለው በሱ ነው። ኬኤች ደግሞ ያ አሲድ የሚውጠው ክፍል ነው። ፒኤች የሚረጋው በኬኤች ነው። ስለዚህ ከፒኤች በፊት ኬኤችን ለኩ።

የሁላችንም ቧንቧ አንድ አይደለም። አዲስ አበባ ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦችም፣ ከአቃቂ ጉድጓዶችም ትጠጣለች። ከመሬት ውስጥ የሚወጣ ውሃ በድንጋይ መሃል ስለሚያልፍ አብዛኛውን ጊዜ ማዕድኑ ይበዛል። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ነጭ ነገር የሚጋገር ከሆነ ውሃችሁ ጠንካራ ነው። እንዲህ ያለ ውሃ ለጋፒና ለሞሊ ጥሩ ነው፤ ከውሃው ጋር ከመጣላት ውሃው የሚስማማውን ዓሣ መግዛት ይሻላል።

ኬኤቹ በጣም ዝቅ ካለ ግን ለ50 ሊትር አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ኬኤችን በ4 ዲግሪ ገደማ ከፍ ያደርጋል። በአንዴ አትገልብጡት፤ በጥብጣችሁ በብዙ ቀን ከፋፍላችሁ ስጡ። የዝናብ ውሃ ኬኤች የለውም ማለት ይቻላል፤ ክረምት ላይ በነጻ ተገኘ ብላችሁ ብቻውን አትሙሉ። ውሃ በፈረቃ የሚመጣላችሁ፣ በርሜል ላይ አጠራቅማችሁ በየሳምንቱ አንድ አራተኛውን ብቻ ቀይሩ። የዓሣው ቆሻሻ ሲብላላ አሲድ ስለሚፈጥር ያለቀውን ኬኤች የሚተካው ይሄ ቅየራ ነው።

አንተ ደግሞ ማውረጃውን ዛሬውኑ ተወው። ውሃውን በትንሽ በትንሹ ቀይር እንጂ ሙሉውን አትድፋ። ማታ ልጅህን አስቀምጠህ እንዲህ በላት፦ «ፒኤቹ ሲወጣ ሲወርድ የነበረው በምግቡ አይደለም።» መለኪያውንም ለሷ ስጣት፤ በየሳምንቱ እሷ ትለካና ደብተር ላይ ትጻፍ።