ዓባይ ከጣና ሲወጣ

አንድ ገበሬ ወዳጅ አለን። ቤቱ ጢስ ዓባይ ነው፤ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ዓባይን የሚያውቀው ሲጮህ ነው። አንድ ክረምት ታላቅ ወንድሙን ወስዶበታል። «ከጣና ሲወጣ ልየው» ብሎ መጣ። በእግራችን ወጣን።

መጀመሪያ ሐይቁ ዳር ወረድን። አንድ ሽማግሌ ታንኳቸውን ፀሐይ ላይ አቁመዋል። ታንኳ ከደንገል ይሠራል። ደንገል ደግሞ ውሃ ይጠጣል፤ ካልደረቀ ይከብዳል።
«እንደ በሬ ነው፤ ካላረፈ አይሠራም» አሉን።

ከዚያ አዲሱ የዓባይ ድልድይ ደረስን። የተመረቀው በ2016 ዓ.ም. ግንቦት ወር ነው። ርዝመቱ 380 ሜትር ነው። ወዳጃችን በእርምጃ ሊለካው ጀመረ። እኛ ወሬ አበዛንበትና መሐል ላይ ቁጥሩ ጠፋው። ተቆጣን።

የበዛዊት ዳገት አደከመን። አናቱ ላይ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተሠራ ቤተ መንግሥት አለ። እኛ ግን የመጣነው ለቤቱ አይደለም። ከኮረብታው ላይ ከተማዋም፣ ሐይቁም፣ ወንዙም ይታያሉ። ጣና ሰፍቶ ተኝቷል። ዓባይ ከጎኑ ቀስ ብሎ ይወጣል። ዳርና ዳሩ ለምለም ነው። ጉማሬም አለበት። ድምፅ ግን የለውም።

ወዳጃችን ብዙ ዝም አለ።
«ይኸው ነው እንዴ?» አለ።
«ይኸው ነው።»
«እዚህ እንዲህ ጨዋ ነው?»
የምንመልሰው አጣን።

ማታ ስንመለስ ድልድዩን እንደገና ከመጀመሪያው መቁጠር ጀመረ። አሁን አላወራነውም።