እኩሌታው ሞያሌ ላይ ነው

የመንገድ ካርታ ያለው ሰው አውጥቶ ይመልከት። ከአዲስ አበባ እስከ ሞያሌ 770 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከሞያሌ እስከ ናይሮቢ ደግሞ 780 ገደማ። አሥር ኪሎ ሜትር ቢበልጥ ቢያንስ ጠብ የለንም። እንግዲህ ለእኛ ለቆላው ልጆች «ትልቅ ከተማ» የሚባለው ነገር ከሞያሌ ላይ ወደ ሰሜንም ወደ ደቡብም እኩል ይርቃል ማለት ነው። ይህን በትምህርት ቤት አልነገሩንም። እኛ የምናውቀው ከተማ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነበረው፤ ወደ ላይ! በአዶላ፣ በቦሬ፣ በሐገረ ሰላም አድርጎ ሻሸመኔ፣ ከዚያ አዲስ አበባ። ሰው ሊማር ወደ ላይ ይወጣል፣ ከብት ሊሸጥ ወደ ታች ይወርዳል። ዘፈን ሊሰማ ወደ ታች የወረደ ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመንም። እኛ ልንወርድ ነው።

ሦስት ነን። አንዳችን ከወደራ፣ ጫካው አልቆ ቆላው ከሚጀምርበት፤ አንዳችን ከነጌሌ፤ አንዷ ከሜጋ። ሦስታችንም የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ነን፤ ማለትም የምሕንድስና ልጆች ባገኙን ቁጥር «ስትጨርሱ ምን ትሆናላችሁ?» እያሉ የሚያዝኑልን ዓይነት። የምንሄደው ዩጋንዳ፣ ጂንጃ ነው። በዚያ አካባቢ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ «ኜጌ ኜጌ» የሚባል የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃና የኪነ ጥበብ ፌስቲቫል ይካሄዳል። አራት ቀን ከነሌሊቱ፣ በብዙ መድረክ፣ ከታንዛኒያ፣ ከኮንጎ፣ ከኬንያና ከሌላም አገር የሚመጡ ልጆች ኮምፒዩተራቸውን ከፍተው ሰው ሲያስጨፍሩ ያድራሉ።

ስለ ስሙ አንድ ነገር እንበል። በሉጋንዳ ቋንቋ ድንገት ተነሥተህ ጨፍር ጨፍር የሚል፣ እግርን የሚያሳክክ ስሜት ማለት ነው ይላሉ። በስዋሂሊ ግን ያው ቃል የፍትወት ስም ሆኖ ቁጭ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2018 የአገሩ የሥነ ምግባር ሚኒስትር «ይታገድ!» ብለው ነበር፤ ሕዝቡ ሲጮኽ ተመልሶ ተፈቀደ። በ2022ም ነገሩ ፓርላማ ደርሶ ነበር። ስለዚህ ቤት ስንናገር «ጂንጃ፣ የሙዚቃ በዓል» ብቻ ነው የምንለው። ኬንያ አውቶቡስ ውስጥም ስሙን ጮክ ብለን እንዳንጠራ ከወዲሁ ተማምለናል።

«ኤሌክትሮኒክ ለመስማት ዩጋንዳ ድረስ?» ያሉን አሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው። በእኛ አገር ሰው ማሽንና ዘፈን የተዋወቁት ትናንት አይደለም። ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ሆኖ አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከከበሮ ማሽን ጋር ብቻውን አጋብቶ ካሴት አውጥቷል። ከዚያ ዓመታት ሙሉ ዋሽንግተን ታክሲ ነዳ፤ ኪቦርዱን ከመኪናው ኋላ ይዞ፣ ኤርፖርት ተራ ሲጠብቅ ይለማመድ ነበር። ያች ካሴት በ2013 እንደገና ስትታተም ዓለም «እንዴት ያለ አዲስ ነገር ነው!» አለ። አዲስ! ሃያ ስምንት ዓመቷ ነበር። ከኋላው እንደገና ሙሉ ሥራውን «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ብሎ ሰየመው፤ ሚካኤል ሰይፉ በ2016 እ.ኤ.አ. «ዘላለም»ን አወጣ። ሮፍናን በ2010 ዓ.ም. «ነጸብራቅ»ን ሲያወጣ እኛ ሰባተኛ ስምንተኛ ክፍል ነበርን፤ ነጌሌ ላይ ባጃጅ ሁሉ እርሱን ይዞ ይዞር ነበር። እነዚህን ሁሉ እንወዳለን።

ጂንጃን የመረጥነው ግን በጉሉ ምክንያት ነው። ጉሉ በሰሜን ዩጋንዳ የአቾሊዎች ከተማ ናት። አቾሊዎች «ላራካራካ» የሚሉት የሠርግ ጭፈራ አላቸው፤ ግማሽ ቅል ይዘው በብስክሌት ጎማ ሽቦ እየመቱ የሚጨፍሩት። ከዚያ ጦርነት መጣ፤ ሃያ ዓመት ገደማ ቆየ፤ ሰው ከመንደሩ ተነቅሎ ካምፕ ገባ። በካምፕም ሰው ይጋባል። ነገር ግን ሙሉ የባህል ቡድን ጠርቶ፣ አብልቶ፣ አጠጥቶ ሠርግ ማድመቅ የሚችል ማን ነበር? ሊዮ ፓላዬንግ የሚባል ሰው ኮምፒዩተር ላይ ቁጭ ብሎ የዚያን ሁሉ ሰው ምት ሠራ፤ ኦቲም አልፋ የሚባለው ደግሞ የሠርጉን ዘፈን በላዩ ዘፈነበት። ሠርጉ ቀጠለ። ያኔ የተሠሩት ዘፈኖች በ2017 እ.ኤ.አ. ተሰብስበው በአልበም ወጡ፤ ያሳተመውም የዚሁ ፌስቲቫል የሙዚቃ ድርጅት ነው። እኛን ያስገረመን ማሽኑ አይደለም። ማሽኑ የመጣው ድግሱ እንዳይቀር መሆኑ ነው።

ይህን ያነበብነው በአንድ ስልክ ላይ ሦስት ራስ ደፍተን ነበር። የሜጋዋ ልጅ ቀና ብላ «የእኛ ኤላስ?» አለች።

ኤላ ለማያውቅ የግቢያችን ሰው፦ በቦረና ቱላ የሚባሉ ጥልቅ የውኃ ጉድጓዶች አሉ፤ ታላላቆቹ ዘጠኝ ናቸው ይባላል። በበጋ ከብቱ ተራውን ጠብቆ ይመጣል። ወንዶቹ ከውኃው ጀምሮ እስከ ላይ አንዱ ከአንዱ በላይ ይደረደራሉ፤ ሙሉው ባልዲ ከእጅ ወደ እጅ ይወጣል፣ ባዶው ይወርዳል። ጥንት ባልዲው ከቀጭኔ ቆዳ ነበር የሚሠራው፤ ዛሬ አብዛኛው ከጄሪካን የተቆረጠ ፕላስቲክ ነው። ባልዲው በሄደ ቁጥር ዘፈኑ አብሮ ይሄዳል። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ የውኃው መንቦጫረቅ ራሱ ከበሮ ነው። የኮምፒዩተር ልጆች «ሉፕ» የሚሉት፣ ያው ነገር እየተመለሰ እየተመለሰ ሰውን የሚያሰክረው፣ ይኸው አይደለም እንዴ? ልዩነቱ የኤላው ሉፕ የሚቆመው ከብቱ ሲጠጣ ብቻ መሆኑ ነው።

ባለፈው ዕረፍት ዱብሉቅ ወርደን በስልክ ቀዳነው። ዝም ብሎ ግን አይቀዳም፤ የውኃውን ተራ የሚያስከብሩ አባ ሄሬጋ የሚባሉ ሰው አሉ። ሄደን ጠየቅናቸው።

«ድምፁን ይዛችሁ ምን ልታደርጉት ነው?»

«ለሌላ አገር ልጆች ልናሰማ ነው። ምናልባትም በማሽን ይሠሩበት ይሆናል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ሰው ይጨፍርበታል።»

ዝም ብለው ቆዩ። በኋላ «ከብት በሌለበት?» አሉ።

ምን ብለን እንመልስ! ትንሽ ሳቅን፤ እርሳቸው ግን አልሳቁም። በመጨረሻ ፈቀዱ፤ ግን የኤላው ስም ይጠራ፣ የዚያን ቀን ተራ የነበረው ጎሣም ስሙ ይጠራ አሉ። ከቀረጻው መካከል አንዲት ላም ትጮኻለች፤ ልናሰማቸው ስንከፍተው እርሷ ጋ ሲደርስ «ይህችን እንዳትቆርጧት» አሉን።

ጠባችን የተነሣው ከዚህ ላይ ነው። የነጌሌው ልጅ ቀረጻውን ጨርሶ ይዘን አንሂድ ባይ ነው። ክርክሩ እንዲህ ነው፦ አንዴ ፍላሽ ላይ ገልብጠህ ለሰው ከሰጠኸው ስሙን ማን ይጠራልሃል? ለመጀመሪያው ሰው ትነግራለህ፣ እርሱ ለሁለተኛው ይረሳል፣ ሦስተኛው «ከአፍሪካ የተገኘ ድምፅ» ብሎ ይጽፍበታል። ላሟን ይቆርጧታል፤ እንዲያውም መጀመሪያ የሚቆርጡት እርሷን ነው። የሜጋዋ ልጅ ይህን ስትሰማ ትቆጣለች። አጎቶቿ ኤላ ውስጥ የቆሙ ሰዎች ናቸው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅት ተከታትሎ ሲቀር እርሷ እዚያው ነበረች። ከብቱ አለቀ። ከብት ከሌለ ባልዲ የለም፣ ባልዲ ከሌለ ዘፈን የለም። «ስሙ ሳይጠራ ቢቀር ይሻላል ወይስ ድምፁ ራሱ ቢቀር?» ትላለች፤ «ያኔ ጉድጓዱ ዝም ሲል እናንተ አልሰማችሁትም!» ነጌሌም ድርቅ አልቀረላትም፤ ግን ይህን ለእርሷ የሚነግራት ሰው ወዮለት።

የወደራው ልጅ መካከል ሆኖ አንድ ሐሳብ አምጥቷል፦ ቀረጻውን እንያዝ፣ በጆሮ ማዳመጫ እናሰማ፣ ግን ለማንም አንገልብጥ። ይሠራበት ዘንድ የፈለገ ዱብሉቅ ድረስ ይምጣና አባ ሄሬጋን ራሱ ይጠይቅ። የሜጋዋ ልጅ «ማን ይመጣል?» አለች። የነጌሌው «እኮ!» አለ። እስካሁን አልተስማማንም፤ ስልኩ ያለው ግን እርሷ እጅ ነው።

ስለ ገንዘቡ ብዙ ማውራት አያስደስትም። መቆጠብ የጀመርነው በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲሆን ሒሳባችን ሁሉ ዶላሩ 57 ብር በነበረበት ዋጋ ነው የተሠራው። በሐምሌ ብር ተንሳፈፈ ተባለ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ዶላሩ መቶን ዘለለ፤ እኛ ግን ያው እኛው ነን። በዚያው ክረምት የመደበኛው ፓስፖርት ክፍያ ከ2,000 ወደ 5,000 ብር ወጣ። የወደራው ልጅ ወደ አባቱ ሄደ።

«ለሠርግ ነው?» አሉት።

«አይደለም፤ ለዘፈን ነው።»

«ዘፋኙ ዘመዳችን ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ፍየሌ ምን አገባት?»

እናትየው ግን ነገሩን በጓሮ ሰምተው ኖሮ፣ በሳምንቱ በመኪና አንድ ባልዲ ማር ላኩ። ከዶርም ዶርም በብርጭቆ እየሰፈርን ሸጥነው። እርግጥ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ብርጭቆዎች ማን እንደላሳቸው የሚታወቅ ነገር የለም። ለማንኛውም ፓስፖርቱ በማር ወጥቷል።

መንገዱ ከገንዘቡ ይልቅ ቀላል ነው። ከወደራ ነጌሌ፣ ከነጌሌ በአሬሮ በኩል ያቤሎ፣ ከዚያ አስፋልቱን ይዞ ዱብሉቅ፣ ሜጋ፣ ሞያሌ። ሞያሌ ላይ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የሁለቱ አገር መርማሪዎች በአንድ ግቢ ናቸው፤ ለኬንያም ቪዛ አንጠየቅም። የዩጋንዳውን ጉዳይ አዲስ አበባ ኤምባሲው በር ላይ ተሰልፎ የሚጠይቅ በዕጣ መርጠናል። ድሮ ከሞያሌ ወዲያ ጭነት መኪና በጠባቂ ታጅቦ፣ ፒስታውን እየተንገጫገጨ ነበር የሚሄደው፤ ዛሬ እስከ ኢሲዮሎ ድረስ አስፋልት ነው። ደስ የሚለው ደግሞ እስከ ማርሳቢት፣ ከዚያም አልፎ እስከ ኢሲዮሎ ቦረናው አለ፤ አስተርጓሚ ሳንፈልግ ውኃ ጠይቀን እንጠጣለን። ከናይሮቢ ጂንጃ ገና አንድ ሌሊት ሙሉ ነው። ምድር ወገብን ሁለቴ እናቋርጣለን፤ አንዴ ናንዩኪ ላይ ወደ ደቡብ፣ አንዴ ወደ ዩጋንዳ ስንታጠፍ ተመልሰን ወደ ሰሜን። ጂንጃ ስንደርስ ነጭ ዓባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ሲወጣ እናየዋለን። የእኛዎቹ ገናሌና ዳዋ ወደ ሶማሊያ ነው የሚወርዱት፤ ስለዚህ ዓባይን የምናውቀው እንደ ማንም ሰው በዘፈን ነበር።

ችግሩ ጊዜው ነው። በ2023 እና በ2024 እ.ኤ.አ. ፌስቲቫሉ የዋለው በፈረንጆቹ ኖቬምበር ነበር፤ ያ ማለት ለእኛ ኅዳር፣ የመካከለኛው ፈተና ሰሞን። አንድ መምህራችንን ፈራ ተባ እያልን ብንጠይቃቸው «ስትመለሱ ዘጠኝ ገጽ ጻፉልኝ፣ ስለ ላሟ ግን ሁለት ገጽ ይኑረው» አሉን። ይህ ፈቃድ ይሁን ፌዝ ገና አልለየንም፤ እንደ ፈቃድ ቆጥረነዋል።

አሁን የቀረን አራተኛ ሰው ነው። ከኢሲዮሎ ወዲያ ስዋሂሊ የሚናገር ያስፈልገናል፤ ከእኛ የሚጠበቀው ስዋሂሊ ሰዓት መቁጠር ብቻ ነው፤ እርሱንም ስለማንችል ሳይሆን እነርሱም እንደ እኛ ከንጋት ጀምረው ስለሚቆጥሩ ነው። የሞያሌ ልጅ ቢሆን ይመረጣል። ፓስፖርት ያለው፣ አውቶቡስ ውስጥ የማያስመልሰው፣ በኤላው ጉዳይ የራሱ አቋም ያለው። ሁለት ለሁለት ብንሆንም ግድ የለም፤ መንገዱ ረጅም ነው። ማታ ማታ ከቤተ መጻሕፍቱ በስተጀርባ ካለችው ሻይ ቤት አንጠፋም።