ከቆሼ እስከ ዞማ፤ የተጣለ ዕቃና ያዘነ ልብ

ከሜክሲኮ አደባባይ ተነሥቶ በሳር ቤት በኩል ወደ መካኒሳ የሚሄድ መንገደኛ የሚያመራው ወደ አዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ ነው። ቆሼ የተባለው የቆሻሻ ክምር የሚገኘውም በዚሁ በከተማው ማዕዘን ነው። ከተማው ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የጣለው ሁሉ በዚያ ተቈልሎ ተራራ አከለ፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ በሥሩ በነበሩት ቤቶች ላይ ስለ ወደቀ ከመቶ የሚበልጡ ወገኖቻችን ሞቱ። ከዚያ ኀዘን በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ቈይቶ፥ በ2011 ዓ.ም.፥ በመካኒሳ ዞማ ሙዚየም ተከፈተ። በአንደኛው ስፍራ የተጣለ ነገር ነፍስ አጠፋ፤ በሁለተኛው ግን ጭቃና ውዳቂ ዕቃ በሰው እጅ ከብረው ይታያሉ። ዛሬ ለአንባብያን ልንጽፍ የወደድነው ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ነው።

የሙዚየሙ መሥራቾች ወይዘሮ መስከረም አሰግድና ሠዓሊው አቶ ኤልያስ ስሜ ናቸው። ስሙም በወጣትነቷ በካንሰር ሕመም ለሞተች ዞማ ሽፈራው ለተባለች ሠዓሊ መታሰቢያ የተሰጠ ነው። በጎበኘነው ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ ዐይናችንን የሳበው ግድግዳው ነበር። የተሠራው ከጭቃና ከጭድ ነው፤ ልስኑም እንደ ጥልፍ በመስመር አጊጧል። መሥራቾቹ በልዩ ልዩ ያገራችን ክፍሎች እየተዘዋወሩ የጥንቱን የቤት አሠራር ከሕዝቡ ተምረዋል። ባላገር ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ጭቃው ከጭዱ ጋር ተቦክቶና ሰንብቶ በደንብ ካልተብላላ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ጭዱ ግን እንደ ጅማት ሆኖ ያያይዘዋል። ከከተማው ብሎኬትና መስታወት መካከል ወደዚህ ግቢ የገባ ሰው፥ አያቱ ቤት የደረሰ ያህል ደስ ይለዋል።

አቶ ኤልያስ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተማሩ ሲሆኑ፥ ለሥራቸው የመረጡት ግን ሌላው የሚንቀውን ነው። በፊት የልብስ ቁልፍ፥ ክርና ቆርኪ ይሰበስቡ ነበር፤ በኋላም ከመርካቶ የተበላሹ የኤሌክትሪክ ሽቦዎችንና የኮምፒዩተር ሆድ ዕቃ የሆኑትን ሰሌዳዎች እየገዙ፥ ሽቦውን እንደ ሹሩባ እየጐነጐኑ በሳንቃ ላይ ይመቱታል። ከሩቅ ሲያዩት እርሻና ወንዝ ከተራራ ላይ የታየ ይመስላል፤ ሲቀርቡት ግን የሞተ ስልክና የተሰበረ ኮምፒዩተር ነው። በዚህ ሥራቸው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 በዋሽንግተን የሚገኘው የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ብሔራዊ ሙዚየም ሸልሟቸዋል።

ይህ ጥበብ ለቤታችን እንግዳ አይደለም። ከመኪና ጎማ በረባሶ፥ ከጣሳ ኩራዝ፥ ከአሮጌ ካልሲ የልጆች ኳስ የሠራ ሕዝብ ነን፤ ቁራሌውም በየሰፈሩ የሚጮኸው የተጣለ ነገር ዋጋ እንዳለው ስለሚያውቅ ነው። የአብነት ተማሪም ቢሆን ብራናው የፍየል ቆዳ፥ ብዕሩ መቃ፥ ቀለሙ ከጥላሸትና ከታረረ እህል የተዘጋጀ መሆኑን ያውቃል። በኦሪት ዘፀአትም ባስልኤል የመታጠቢያውን ሰን የሠራው ሴቶች ካመጡት የመዳብ መስተዋት እንደ ነበረ ተጽፏል።

ነገር ግን የእጅ ሥራ ጥቅሙ ዕቃ ማስገኘት ብቻ አይደለም። አድሪያን ሂል የተባለ እንግሊዛዊ ሠዓሊ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1938 በሳንባ ነቀርሳ ታሞ በተኛበት ሆስፒታል፥ በአልጋው አጠገብ ያለውን ሁሉ እየሣለ መንፈሱን አበረታ፤ ከዚያም ሌሎቹን ሕሙማን አስተማረ። በ1942 ለዚህ አሠራር በሥነ ጥበብ ማከም የሚል ስም ሰጠው፤ ዛሬም በብሪታንያ ባለሙያዎቹ በሕግ እየተመዘገቡ ይሠሩበታል። እናቶቻችን አክርማና አለላ ይዘው፥ በወስፌ እየወጉ ሰፌድና መሶብ ሲሰፉ ስሙን አላወቁትም፤ ፍሬውን ግን ያውቁታል። ልጅዋን የቀበረች እናት ከጎረቤቶችዋ ጋር ተቀምጣ ስትሰፋ፥ እጅዋ ሥራ ይይዛል፤ ዙሩም አንድ በአንድ ሲጨመር ታያለች፤ አንደበትዋም ቀስ በቀስ ይፈታል።

እኛም በመምህርነት ዘመናችን እንዲህ ያለ ነገር አይተናል። አባቱ የሞተበት የሦስተኛ ክፍል ልጅ ለብዙ ሳምንታት ተጠይቆ አይመልስም ነበር። አንድ ቀን ተማሪዎቹ ከወንዝ ዳር ጭቃ አምጥተው የወደዱትን ሲሠሩ፥ እርሱ አንድ ቀንዱ የተሰበረ በሬ ሠራ። ቀንዱ ለምን እንዲህ እንደ ሆነ ብንጠይቀው፥ «የአባዬ በሬ እንዲህ ነው፤ እኔ ነኝ የምጠብቀው» አለን። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ አባቱ መናገር ጀመረ። ምክር ያልከፈተውን ልብ ጭቃ ከፈተው።

ታዲያ ብዙ ወላጆች ልጃቸው ጭቃ ሲነካ ቢያዩ የሚቈጡት ስለ ልብሱ ብቻ አይደለም። ሸክላ ሠሪዋን፥ አንጥረኛውንና ሸማኔውን መናቅ ገና ከቤታችን አልወጣም። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብን በዐዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው፤ እስከ ዛሬ ግን በምንበላበት ሸክላ እየተጠቀምን ሠሪዋን በክፉ ስም የምንጠራ አለን። እጁን የሚያፍርበት ልጅ፥ ኀዘን ሲመጣበት የሚይዘው ነገር ያጣል።

ስለዚህ በየቤቱ አንድ ቅርጫት እንዲዘጋጅ እንመክራለን። ቆርኪ፥ ቁራጭ ጨርቅ፥ የበቆሎ ቆረቆንዳ፥ የደረቀ ቅጠልና የወደቀ ላባ ይጠራቀምበት። ስለት ያለው ቆርቆሮ፥ የተሰበረ ጠርሙስና ያረጀ ባትሪ ግን ለልጆች አይሰጥ፤ ሽቦም መዳቡን ለማውጣት ተብሎ አይቃጠል፤ ጢሱ መርዝ ነውና። ልጁ ሲሠራ «እንዲህ አይደለም» ብሎ ማረም ይቅር፤ «ይህ ምንድር ነው? ንገረኝ» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ሕመም የጸናበት፥ እንቅልፍና ምግብ ያጣ ሰው ካለም ወደ ሐኪም ይወሰድ፤ የእጅ ሥራ የመድኃኒት ረዳት ነው እንጂ ምትክ አይደለም።

ቆሼን የቈለልነው ሁላችን ነን፤ እያንዳንዳችን ከደጃችን ጥቂት ጥቂት ጥለናል። ከነገ ጀምሮ የምንጥለውን ሁሉ አንድ ጊዜ በእጃችን ይዘን ብንመለከተው፥ ክምሩ ይቀንሳል፤ በቤታችንም ዝም ብሎ የተቀመጠው ልጅ ወይም አረጋዊ የሚሠራው ያገኛል።