ወተቱና እሳቱ

ተክለ ሃይማኖት፣ ከቀትር በኋላ። ዝናቡ አባርቷል፤ ከመርካቶ የሚወርደው ሰው አደባባዩን ሞልቶታል። ቡና ልጠጣ ከተቀመጥኩበት በረንዳ ላይ አንድ የደላንታ ልጅ በወረቀት የጠቀለላቸውን ኦፓሎች ዘረጋ።

«ጋሼ፣ ይቺን ወደ ብርሃን አዙረው ይዩዋት።»

ድንጋይዋ ነጭ ሆና ሰማያዊ ጉም አዝላለች። ዘንበል ሳደርጋት አረንጓዴና ብርቱካን ብልጭ ብሎ ይጠፋል። የከበሩ ድንጋዮች አዋቂዎች «ኦፓለሰንት» የሚሉት ጉሙን ነው፤ ሻጭና ገዢ ግን ብልጭታውንም በዚያው ስም ይጠሩታል። ይህ ልጅ አይቀላቅልም፤ አንዱን «ወተት»፣ ሌላውን «እሳት» ይላል። ዋጋ የሚያወጣው እሳቱ ነው።

ወተትማው መልክ ቀላል ነገር ነው። ብርጭቆ ውኃ አስመጥቼ ጥቂት ወተት ጠብ አደረግሁበትና የስልኬን መብራት አበራሁ። ከጎን ሲያዩት ሰማያዊ፣ መብራቱን በውኃው አሻግረው ሲያዩት ቢጫ። ደቃቅ ቅንጣቶች ሰማያዊውን ብርሃን አብዝተው ይበትናሉ። እሳቱ ግን ሥርዓት ይፈልጋል፦ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ እንዳዩት፣ መጠናቸው እኩል የሆነ የሲሊካ እንክብሎች በረድፍ ተደርድረው ብርሃኑን በየቀለሙ ይለያዩታል። ቀይ ለመስጠት እንክብሎቹ ተለቅ ማለት አለባቸው።

የመንዙ ቡናማ ኦፓል ቀድሞ ቢታወቅም፣ ገበያውን የለወጠው እ.ኤ.አ. በ2008 በልጁ አገር በደላንታ፣ ወገል ጤና አጠገብ የተገኘው ነው። ድንጋዩ ያለው ገደል ላይ፣ በእሳተ ገሞራ ዓለት መሐል ባለ ስስ ንብርብር ውስጥ ነው። ቆፋሪዎች በእጅ መሣሪያ ዋሻ ይፈለፍላሉ፤ ዋሻው ሲናድ ሰው ይሞታል። ጣት ላይ ሲያዩት ይህ አይታሰብም።

ድንጋይዋን ወደ ብርጭቆው ሳስጠጋት ልጁ እጄን ያዘኝ። «አይንከሯት፤ እሳቷ ይሸሻል!» እውነቱን ነው። የወገል ጤና ኦፓል ውኃ ይጠጣል፤ ቀዳዳዎቹ ሲሞሉ ወተቱ ጠፍቶ መስተዋት ይመስላል፣ ብዙ ጊዜ እሳቱም ይደበዝዛል። ቀስ ብሎ ሲደርቅ ይመለሳል። ውኃ የሚጠጣ ድንጋይ ዘይትም ቀለምም ይጠጣል፤ ለዚህ ነው በቀለም ወይም በጭስ የጠቆረ ኦፓል ገበያ ላይ የሚታየው። እርግጥ ተፈጥሯዊ ጥቁርም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ሰሜን ወሎ፣ ስታይሽ ላይ ተገኝቷል።

ከወረቀቱ አንዲት ጥቁር አንስቼ፣ «ይቺስ የስታይሽ ናት?» አልኩት።

«ኧረ ጋሼ፣ የጭስ ናት። እሷን በርካሽ እሰጥዎታለሁ።»

ነጯን ተከራክሬ ገዛሁ።