ጥቁሩ ክብ

ከአርባ ምንጭ ወደ ኮንሶ ስትጓዙ፣ ጫሞን በግራ ትታችሁ ከግራሮቹ መሐል ብትመለከቱ ሣር በደንብ ያልያዘው ጥቁር ክብ ቦታ ታያላችሁ። የፈረሰ ጎጆ የሚመስላቸው አሉ። ከሰል የከሰለበት ቦታ ነው።

እንጨቱ ተቆርጦ ይደረደርና በቅጠልና በሣር ይሸፈናል፤ በላዩም አፈር ይለበስና በአንድ ቀዳዳ ይለኮሳል። ነበልባል ካገኘ የሚቀረው ዐመድ ብቻ ነው። ስለዚህ አክሳዩ የተሰነጠቀውን ሁሉ በአፈር ሲደፍን ያድራል። ጭሱ መጀመሪያ ነጭና ወፍራም ነው፤ ቀጥኖ ወደ ሰማያዊ ሲያደላ እንጨቱ ከስሏል ማለት ነው። በዚህ አሠራር 1 ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከ5 እስከ 10 ኪሎ እንጨት ይሄዳል። ማዳበሪያው ተጭኖ ሲሄድ ለቦታው የሚተርፈው የተጠበሰ አፈርና የከሰል ድቃቂ ነው። ዛፍ ያጣውን አፈር ደግሞ ዝናብ ጠርጎ ወደ ሐይቁ ያወርደዋል።

በነርስነት ስሠራ ከሰል አክሳዮችን የማውቃቸው በሳላቸው ነበር። አንዱን አባወራ ሥራውን እንዲተው ብመክረው፣ «ሲስተር፣ በቆሎው ሲደርቅ ልጆቼ ምን ይብሉ?» አለኝ። የሳል መድኃኒት ሰጠሁት፤ ለጥያቄው የሚሆን መድኃኒት ግን ጤና ጣቢያው ውስጥ አልነበረም።

እሱን መውቀስ ይቀለናል። ከሰሉን የምንገዛው ግን እኛ ነን፤ ጉዳቱም ቤታችን ድረስ ይከተለናል። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ምክንያት በ2020 እ.ኤ.አ. 3.2 ሚሊዮን ገደማ ሰው እንደሞተ ይገምታል። ከእነዚህ ውስጥ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ነበር።

የተቀጣጠለ ከሰል ብዙም ስለማይጨስ እናቶች አይፈሩትም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ግን አይታይም፣ አይሸትም። በጨንቻ ብርድ ማንደጃ አስገብቶ፣ በር ዘግቶ መተኛት ቤተሰብ ሙሉ ሊጨርስ ይችላል። ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማስመለስ ከታየ ሁሉንም ወዲያው ወደ ውጭ አውጡና ወደ ጤና ተቋም አድርሱ።

ቡናውን በረንዳ ላይ እናፍላ። የተረፈውን ፍም እዚያው ውጭ ክዳን ባለው ቆርቆሮ አፍነን ለነገ እናቆየው። ይህ የአባወራውን ጥያቄ አይመልስም። የልጅ ልጆቻችንን ሳንባ ግን ያሳርፋል፤ ለአንድ ግራርም ዕድሜ ይጨምርለታል።