ኮምፒዩተር ወይስ ኤሌክትሪክ?

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አልፎ የዩኒቨርሲቲ ነገር ሲነሣ፣ ከልጆቻችን ይልቅ እኛ ወላጆች ብዙ እንናገራለን። በእኛም ቤት የሆነው ይኸው ነው። እኔ በልብስ ስፌት ፋብሪካ የምሠራ የሦስት ልጆች እናት ነኝ። የመጀመሪያዋ ልጄ ከኮምፒዩተር ሳይንስና ከኤሌክትሪክ ምሕንድስና አንዱን ለመምረጥ ተቸግራ ሰነበተች።

ባለቤቴ «ልጄ ምሰሶ ላይ ስትንጠለጠል ማየት አልፈልግም» በማለት ኮምፒዩተሩን ደገፈ። ጎረቤቶቻችንም «ተቀምጦ የሚሠራ ንጹሕ ሥራ እያለ ምን ያለፋታል?» አሉ። እኔን ያሳሰበኝ ግን የጊዜው ርዝመት ነበር። ኮምፒዩተር ሳይንስ አራት ዓመት፣ ምሕንድስናው አምስት ዓመት ይፈጃል። ሁለት ታናናሾች ለሚከተሉባት ልጅ ቤተሰብ አንድ ዓመት ቀላል ነገር አይደለም።

ስለዚህ ትምህርቶቹን ተምረው የሚሠሩ ሰዎችን ጠየቅን። እንደተረዳነው ኮምፒዩተር ሳይንስ በዋናነት ለመሣሪያው የሚሰጠውን ትእዛዝ ማዘጋጀትን ያስተምራል። አንድን ችግር ከፋፍሎ በቅደም ተከተል የመፍታት ትምህርት ነው። በስልካችን ገንዘብ የምናስተላልፍበት ፕሮግራም የዚህ ሙያ ውጤት ነው። የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ደግሞ ፊዚክስ ይበዛበታል። ኃይል ከግድብ ተነሥቶ ቤታችን የሚደርስበት፣ የስልክ ድምፅ በአየር የሚጓዝበት፣ የፋብሪካ መኪና ራሱን የሚቆጣጠርበት መንገድ ሁሉ በውስጡ ይጠቃለላል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የህዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ያን የሚያህል ኃይል በየከተማው ለማዳረስ መስመሩን የሚያሰሉና የሚቆጣጠሩ ባለሙያዎች ያስፈልጋሉ። ምሰሶ ላይ የሚወጣው የመስመር ሠራተኛ ነው፤ የመሐንዲሱ ሥራ በአመዛኙ ስሌትና ዕቅድ ነው። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ ነገሩን አለዘበ።

ደግሞም ሁለቱ ሙያዎች ጎረቤታሞች ናቸው። የኤሌክትሪክ ተማሪም ፕሮግራም መጻፍ ይማራል። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ትምኒት ገብሩ በአሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተማረችው የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ሲሆን፣ ዓለም ያወቃት ግን በሰው ሠራሽ አስተውሎት ምርምሯ ነው። በአንጻሩ ኮምፒዩተር ሳይንስ የተማረ ሰው ወደ ኃይል ማመንጫ ሥራ ልግባ ቢል የፊዚክሱ መሠረት ይጎድለዋል።

ይህ ሁሉ ከተሰማ በኋላ የቀረው የልጅቱ ዝንባሌ ነበር። ልጄ የምጣዳችን ሽቦ ሲበጠስ ባለሙያ እስኪመጣ አትጠብቅም። ከሶኬቱ ነቅላ፣ የተበጠሰበትን ፈልጋ ትቀጥላለች፤ ለምን እንደተቃጠለ ሳታውቅም አትተኛም። ኮምፒዩተርም ትወዳለች፤ ነገር ግን የምትጠይቀው ስለ ውስጡ ነው። ስለዚህ ኤሌክትሪክን አንደኛ፣ ኮምፒዩተር ሳይንስን ሁለተኛ አድርጋ ለመሙላት ወሰነች። የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት ሲያልቅ ምደባው በውጤትና በምርጫ ስለሆነ፣ ሁለተኛው ምርጫም ብትደርስበት የማታለቅስበት መሆን ነበረበት። ለተጨማሪው ዓመት እኔና ባለቤቴ ካሁኑ ዕቁብ ገብተናል።

እናቶች ሆይ፣ የጎረቤት ልጅ ኮምፒዩተር ተምራ ሥራ አገኘች ተብሎ የእኛዋም በዚያው ትሂድ ማለት አይገባም። ለመመረቅ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና አለ፤ ለፈተናው የምታጠናውም፣ በሙያው ዕድሜዋን የምትሠራውም ልጅቱ ናት። የእኛ ድርሻ የትምህርቱን ምንነት አብረን መጠየቅ፣ ወጪውን ሳንደብቅ መንገርና የወደደችውን እንድትሞላ መተው ነው።