የማይናገር ሕመምተኛ

በአገራችን ድመት እንጀራውን በሥራው የሚበላ እንስሳ ነው። ይኸውም አይጥን ከጎተራና ከጓዳ ያርቃል፤ ስለ ድካሙም ከማዕዱ የተረፈው ይሰጠዋል። ዛሬ በምንኖርበት በሜሪላንድ ግን የድመት ኑሮ ሌላ ነው። አይጥ አያድንም፤ ከደጅ አይወጣም፤ ተኮላሽቶና ወፍሮ በመስኮት ሥር ተኝቶ ይውላል። ወደ ሌላ ከተማ ከሄዱ ጎረቤቶቻችን የተቀበልነው ውሮም በዚሁ ዓይነት አድጎ ወደ ቤታችን የመጣ ነው።

ውሮ 11 ዓመት ሲሞላው ውኃ አብዝቶ ይጠጣ፣ ሽንቱንም ያበዛ ጀመር። እየበላ ይከሳ ነበር፤ ክብደቱ ከ7 ኪሎ ወደ 5 ኪሎ ወረደ። በኋላም የኋላ እግሮቹ ደክመው በተረከዙ መሬት እየነካ ይራመድ ጀመር። ከእኛ ጋር የሚኖሩት እናታችን ራሳቸው ከ20 ዓመት በላይ የስኳር ሕመምተኛ ናቸውና ይህን ባዩ ጊዜ፣ «ይህስ የእኔው ሕመም ነው» አሉ። የእንስሳት ሐኪሟም ደሙንና ሽንቱን መርምረው የእናታችንን ቃል አረጋገጡ።

«ድመትን ደግሞ ስኳር ይይዘዋልን?» ብሎ የሚደነቅ አንባቢ አይጠፋም። ነገሩ በእርግጥ የሚያስደንቅ ነው፤ ድመት ጣፋጭን መቅመስ የማይችል ፍጥረት መሆኑን ተመራማሪዎች በ2005 ገልጠዋልና (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ይሁን እንጂ ሕመሙ የሚመጣው ከረሜላ በመብላት አይደለም። ሰውነት በውፍረት ምክንያት ቆሽት ለሚያመነጨው ኢንሱሊን መታዘዝን ሲተው፣ ቆሽትም ከብዙ ድካም በኋላ ሲዝል፣ ስኳሩ በደም ውስጥ ይከማቻል። በአብዛኞቹ ድመቶች ላይ የሚታየው የስኳር ሕመም ከዚህ ዓይነት ነው።

ሐኪሟ እናታችን የሚወስዱትን ዓይነት ግላርጂን የተባለ ኢንሱሊን አዘዙ። መርፌው ጧት በ12 ሰዓትና ማታ በ12 ሰዓት የሚሰጥ ሆነ። ምግቡም ደረቁ መኖ ቀርቶ ሥጋ የበዛበት፣ እህል ያነሰበት እንዲሆን አዘዙ። ከጆሮው ጠርዝ በመርፌ ጫፍ ጥቂት ደም እያወጣን በቤት እንድንለካም አስተማሩን፤ ድመት በሐኪም ቤት ሲፈራ የደሙ ስኳር ከፍርሃት የተነሣ ስለሚወጣ፣ በዚያ የተለካው ብቻ አይታመንምና። ታላቂቱ ልጃችን መዝገብ አዘጋጅታ ሰዓቱን፣ ልኩንና የበላውን ትጽፍ ጀመር።

ነገር ግን ስኳሩ አልወርድ አለ። የጤነኛ ድመት ልክ ከ70 እስከ 150 አካባቢ ሲሆን፣ የውሮ ከሦስት ወር በኋላም ከ400 አልወረደም። ያለፉትን ሁለትና ሦስት ሳምንታት የሚያሳየው የፍሩክቶሳሚን ምርመራም ይህንኑ መሰከረ። መድኃኒቱ ከ1 ዩኒት ተነሥቶ እስከ 5 ደረሰ፤ ለውጥ ግን አልመጣም። በዚህን ጊዜ፣ «በመርፌ አስተኝታችሁ አሳርፉት» የሚሉን ወዳጆች በዙ።

ከሁሉ የከበደብን የእናታችን ቃል ነበር። «በአገር ቤት ሰው ኢንሱሊን አጥቶ ሲሞት፣ የሰው መድኃኒት ለድመት!» አሉ። ይህን ተቃውሞ በቀላሉ ልናልፈው አልቻልንም፤ እውነት አለበትና። ስለዚህ የመድኃኒቱን ታሪክ ከልጆቻችን ጋር ሆነን አነበብንላቸው። በ1889 ቆሽት ከስኳር ሕመም ጋር ያለው ግንኙነት የታወቀው ቆሽቱ በወጣለት ውሻ ነው። በ1921 በካናዳ በቶሮንቶ ባንቲንግና ቤስት መድኃኒቱን ያገኙት በውሾች ላይ በመሞከር ነው። በጥር 1922 ሊዮናርድ ቶምሰን ለተባለ የ14 ዓመት ልጅ ከተሰጠበት ጊዜ አንሥቶ፣ በ1982 በረቂቅ ተሐዋስያን አማካይነት የተሠራው ኢንሱሊን ለሽያጭ እስከ ተፈቀደ ድረስ፣ ስድሳ ዓመት ያህል የሰው ልጅ በሕይወት የቆየው ከከብትና ከዐሣማ ቆሽት በተጨመቀ ኢንሱሊን ነበር። እናታችን ይህን ሰምተው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «እንግዲያስ ዕዳ አለብን። ግን ለውሮ የምታወጡትን ያህል ለእኅቴ ልጅ መድኃኒት መግዣ በየወሩ ላኩ» ሲሉ ፈረዱ። ፍርዱም እስከ ዛሬ ይፈጸማል፤ ስለዚህም ከቤታችን አንዳንድ ነገር ቀርቷል፤ የጎደለብን ግን የለም።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ የዐቢይ ጾም ነው። በ55ቱ ቀን ውስጥ በምንጾምበት ቤት ለድመት ሥጋ ማብሰል አንዳንዱን ዘመድ አሳዘነ፤ በነነዌ እንስሳት እንኳ እንደ ጾሙ የነቢዩ ዮናስን ታሪክ የጠቀሰልንም ነበረ። የነፍስ አባታችንን ብንጠይቃቸው፣ ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን በጾም እንደማታስገድድ ካስታወሱን በኋላ፣ «ጾሙ የእናንተ ነው፤ ሕመሙ የእርሱ ነው። ዕቃውን ለዩለት» ብለው አሰናበቱን። በስቅለት ዕለትም ማታ 12 ሰዓት ሲቃረብ ከቤተሰቡ አንዱ በተራ ወደ ቤት ሄዶ መርፌውን ሰጥቷል።

ሐኪሟ ከዚያ በኋላ መጠኑን መጨመር አቆሙና፣ «አሁን ምክንያቱን በሥርዓት እንፈልግ» አሉ። ፍለጋው ለሌላውም ቤተሰብ ስለሚጠቅም በተራ እንጽፈዋለን። በመጀመሪያ መድኃኒቱ ይመረመራል፤ በረዶ የነካው፣ ሙቀት ያገኘው ወይም ጊዜው ያለፈበት ኢንሱሊን ኃይል የለውምና። ሁለተኛ መርፌው ከጠርሙሱ ጋር መስማማቱ ይታያል፤ በአንዱ ሚሊ ሊትር 40 ዩኒት፣ በሌላው 100 ዩኒት ያለው ኢንሱሊን ስላለ፣ የአንዱን መርፌ ለሌላው መጠቀም ለሕይወት ያሰጋል። ሦስተኛ የተደበቀ ምግብና እንደ ኮርቲዞን ያለ ስኳር የሚያወጣ ሌላ መድኃኒት ይጠየቃል። አራተኛ በሽንት መንገድ፣ በቆሽት ወይም በአፍ ያለ ቁስለት ይፈለጋል። በመጨረሻም በአንጎል ሥር ያለችው ትንሽ ዕጢ የዕድገት ሆርሞን ከልክ በላይ ታመነጭ እንደ ሆነ ይመረመራል። በ2015 በወጣ የብሪታንያ ጥናት ደማቸው ከተመረመረ ከ1,200 በላይ የስኳር ሕመምተኛ ድመቶች ከአራቱ አንዱ ያህል ለዚህ የሚያጠራጥር ምልክት ታይቶበታል።

ከመጀመሪያ እስከ ሦስተኛ ያለው ሁሉ ደኅና ሆኖ ተገኘ። አራተኛውን ያገኙት ግን እናታችን ናቸው። አንድ ቀን ውሮ ሲበላ ተቀምጠው ሲያዩ ቆይተው፣ «ይህ እንስሳ በአንድ ወገን ብቻ ያኝካል፤ ጉርሻውም ይወድቅበታል» አሉ። ሐኪሟ አስተኝተው አፉን ቢመረምሩ ከድድ ሥር የተደበቀ መግል አገኙ፤ ሦስት ጥርስም ነቀሉ። በሰውነት ውስጥ መግል ሲኖር ኢንሱሊን እንደሚገባው አይሠራም፤ የሦስት ወር ድካማችንን ከንቱ ያደረገው ይኸው ነበር።

ቁስሉ ሲድን አደጋው በሌላ በኩል መጣ። ሐኪሟ፣ «መግሉ ሲወጣ መድኃኒቱ በድንገት ሊበረታበት ይችላል፤ ነቅታችሁ ጠብቁ» ብለውን ነበር። በ9ኛው ቀን ሌሊት ውሮ እየተንቀጠቀጠ ተንገዳገደ፤ ቢለካም 48 ሆነ። ልጃችን እንደ ተማረችው ጥቂት ማር በድዱ ላይ ቀባችው፤ እኛም ወዲያው ወደ ሌሊት ሐኪም ቤት ወሰድነው፤ በጧትም ዳነ። ከዚያ በኋላ ሐኪሟ መጠኑን ቀንሰው ወደ 2 ዩኒት አወረዱት፤ ልኩም በአብዛኛው ከ150 እስከ 250 ይውላል። በጊዜ የተያዙ አንዳንድ ድመቶች መድኃኒቱን እስከ መተው ይደርሳሉ፤ ውሮ ግን ለዚህ አልበቃም። በ2022 በአሜሪካ የተፈቀደው በአፍ የሚሰጠው ክኒንም አስቀድሞ ኢንሱሊን ለወሰደ ድመት ስላልተፈቀደ፣ መርፌው ይቀጥላል።

እንግዲህ በቤቱ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ያለው አንባቢ መጠኑን በራሱ ፈቃድ አይጨምር፤ መዝገብ ይያዝ፤ ማርን ከእጁ አያርቅ፤ ሲበላም ተቀምጦ ይመልከት። እንስሳ ሕመሙን አይናገርምና የቤቱ ሰው ዓይን ምላሱ ሊሆንለት ይገባል። ጠቢቡ ሰሎሞን ስለ ጻድቅ ሰውና ስለ እንስሳው ነፍስ በምሳሌ የተናገረውን ቀድሞ ለተማሪዎች ስናስተምር ስለ በሬና ስለ አህያ ብቻ ይመስለን ነበር፤ ዛሬ ግን ልጆቻችን በእናታችን እጅ መርፌ መያዝን ሲማሩ ስናይ ቃሉ ወደ ጓዳችንም እንደሚገባ አወቅን።